መቶ በመቶ ጤፍ የተባለው እንጀራ ልጄን አሳመማት፤ እናንተ ንጹሕ ጤፍ እንዴት ነው የምትጋግሩት?

የወጥ ማስታወሻ፦

ሰላም ለሁላችሁ። አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። ስለ ምግብ መጻፍ ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመት ሞልቶኛል፤ ስለዚህ ይቺን ጥያቄ ስጠይቅ ትንሽ እያፈርኩ ነው።

የሰባት ዓመቷ ልጄ ከገና በፊት ሴሊያክ እንዳለባት ተነገረን፤ ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን የሚባል ፕሮቲን አንጀትን የሚጎዳበት በሽታ ነው። ስንዴ የለም፣ ገብስ የለም፣ እነሱን የነካ ነገርም የለም። ሐኪሟ ይህን ስትነግረኝ መጀመሪያ ከአፌ የወጣው ምን መሰላችሁ? «ምንም አይደል፣ እኛ እኮ ጤፍ ነው የምንበላው።»

ኩራቴ ሦስት ሳምንት አልዘለቀም። ከምገዛበት ሱቅ «መቶ በመቶ ጤፍ» የሚል ወረቀት የተለጠፈበት እንጀራ አምጥቼ በምስር ወጥ አበላኋት። ሌሊቱን ሆዷን ይዛ ስታለቅስ አደረች። በማግስቱ ሄጄ ባለሱቁን ጠየቅኩት። ጋጋሪዋ ጋ ደወለ፣ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ ወደ እኔ ዞር አለና «ትንሽ ገብስ ብቻ ናት፣ እንዲለሰልስ» አለኝ። ብቻ ናት!

ልጮህበት ነበር። ግን መኪና ውስጥ ስገባ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ከአራት ዓመት በፊት እኔው ራሴ ስለ እንጀራ ስጽፍ «ዓይኑ እንዲያምር አንድ ኩባያ ሰልፍ ራይዚንግ ጣል አድርጉበት» ብያለሁ፤ እሱ እኮ ማስነሻ የተቀላቀለበት የስንዴ ዱቄት ነው። የጽሑፉ ርዕስ ደግሞ «የጤፍ እንጀራ በቤትዎ» ነው። ስንት ሰው በዚያ እንደጋገረ እግዜር ይወቅ።

አሁን ስንዴ የሌለበት ስጋግር ይሰነጣጠቅብኛል፣ ዓይኑ ድፍን ይላል፣ ስጠቀልለው ይሰበራል። ይሄ አንዱ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ይብሳል፦ አማቴ ለፋሲካ ከአዲስ አበባ ይመጣሉ። ሻንጣቸውን አውቀዋለሁ፤ በርበሬ፣ ሽሮ፣ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ። እዚህ ሲደርሱ ደግሞ ድፎ ይደፋሉ። ያለ እሳቸው ድፎ ፋሲካ የለም። ወጥ ቤቴ ውስጥ ያ ሁሉ የስንዴ ዱቄት ሲቦን ታየኝና እንቅልፍ አጣሁ። እንዴት ብዬ ነው የምነግራቸው?

እማማ ሰፌድ፦

ልጄ፣ አይዞሽ። ያቺን አንድ ኩባያ አንቺ ብቻ አይደለሽም የጨመርሽው። እኔ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሎስ አንጀለስ ስገባ ጤፍ በዓይናችን አናይም ነበር፣ በሰልፍ ራይዚንግና በክለብ ሶዳ ነበር የምንጋግረው። በኋላ ጤፉ ከአይዳሆ መምጣት ሲጀምርም እጃችን ስንዴውን አልለቅ አለ። ለምዶ ነዋ።

ወደ ሥራው ልግባልሽ። ስንጥቁ የአብሲት ነው። ሊጡ ሦስት ቀን ከቆየ በኋላ ላዩ ላይ የጠለለውን ውሃ ድፊው። ከሥር ካለው ሊጥ አንድ ጭልፋ ውሰጂ፣ ድስት ላይ ሦስት ጭልፋ ውሃ ሲፈላ ጨምሪበትና ሳታቋርጪ አማስዪው። እንደ አጥሚት ሲሆን አውርጂው። ከዚያ ታገሺ! እኔ ምራቴን ያስተማርኳት ጣቷን እንድትነክር ነው፤ ለብ ያለ ሲሆን ብቻ ወደ ሊጡ ይመለሳል። በትኩሱ ከጨመርሽው እርሾውን ቀቅለሽ ገደልሽው ማለት ነው። ስንዴ ሊጡን የሚይዘውን ያህል ጤፉን የሚይዝልሽ ይሄ አብሲት ነው፣ በጤፍ ብቻ ስትጋግሪ አታሳንሺው። ኩፍ ብሎ እንደተነሳ ጋግሪ፣ መውረድ ከጀመረ አልፎብሻል።

እርሾ ግን ከጎረቤት እንዳትወስጂ። የሷ ሊጥ ገብስ ካለበት እርሾውም አለበት። ከዜሮ ጀምሪ፣ ጤፍና ውሃ ብቻ፤ አራት አምስት ቀን ይፈጅብሻል እንጂ ራሱ ይቦካል። የመጀመሪያዎቹ እንጀራዎች ካላማሩሽ ፍርፍር ናቸው፣ ማንም አያውቅብሽም።

ነርስ ነኝ ከዴንቨር፦

እማማ የነገሩሽ ላይ ጥቂት ልጨምር። ማሰሻሽን ጣይው። ድሮ አምባሻ የጋገርሽበት ምጣድ ላይ የኖረ ጨርቅ ከሆነ አጥበሽውም አይጠራም። የሸክላ ምጣድ ካለሽም ለሷ አይሆንም፣ የነካውን ስንዴ ወደ ውስጥ ይመጥጣል። ለኖርዌጂያኖች የሌፍሳ ቂጣ የተሠራውና እኛ የወረስነው ባለ 16 ኢንቹ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከሆነ ያለሽ፣ አዲስ ገዝተሽ «የልጄ» ብለሽ ጻፊበት።

ማሸጊያ ስታነቢ ደግሞ እዚህ አገር ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ሕጉ በአለርጂ ማስጠንቀቂያው ላይ እንዲጠራ የሚያስገድደው ስንዴን ነው፣ ገብስን አይደለም። «ስንዴ አለበት» የሚል ስላጣሽ ነፃ ነው ማለት አይደለም፣ ዝርዝሩን እስከ መጨረሻ አንብቢ። «ከግሉተን ነፃ» ተብሎ ከተጻፈ ግን የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪው ኤፍዲኤ በ2013 ባወጣው ደንብ መሠረት ግሉተኑ በኪሎ ከ20 ሚሊግራም በታች መሆን አለበት። ሱቅ ውስጥ በእጅ የተጻፈው «መቶ በመቶ ጤፍ» ግን ሌላ ነገር ነው፣ አይተሽዋል።

እኛ ግብዣ ላይ ልጆች የሚጠጡት ማልት ገብስ ነው። ቀሪቦም ገብስ ነው። አጃ ደግሞ ሁለት ነው፦ በፓኬት የሚሸጠው አንድ ነገር ነው፣ ገጠር «አጃ» የሚሉት ደግሞ ራሱ የስንዴ ዘር ነው። አማትሽ «ለልጅቷ የአጃ ገንፎ» ብለው ዱቄት ከያዙ የትኛው እንደሆነ ጠይቂያቸው።

ሌላ ልጅ ካለሽም አስመርምሪ፣ በቤተሰብ ይሄዳል። ከምርመራው በፊት ግን ስንዴ እንዳታቋርጪበት፣ ውጤቱ ያለበትን የለበትም ሊል ይችላል።

አለቃ 44፦

ይሄ ሁሉ የፈረንጅ በሽታ ነው። አያቶቻችን በሶ በጥብጠው ጠጥተው ነው ተራራ የወጡት። ትንሽ ትንሽ አልምዷት።

የሽሮሜዳ ልጅ፦

አለቃ፣ እኔ ፈረንጅ አገር ረግጬ አላውቅም፣ ሴሊያክ ግን አለብኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ አሜባ ነው፣ ጃርዲያ ነው፣ ታይፎይድ ነው እየተባልኩ ክኒን ስውጥ ኖርኩ። ደም ማነሴ አልድን ሲል ነው አንዲት ሐኪም ስንዴውን የጠረጠረችው። ትንሽ ትንሽ አይለመድም። በ1944ና 45 ክረምት ኔዘርላንድ በጦርነቱ ዳቦ ሲጠፋ ሴሊያክ ያለባቸው ሕፃናት ተሻላቸው፣ ዳቦው ሲመለስ መልሶ አመማቸው፤ ዲከ የሚባል የሕፃናት ሐኪም ይህን አይቶ ነው ጥፋቱ የስንዴ መሆኑን ያሳየው። እነሱም ሲበሉት የኖሩት ስንዴ ነው።

ጠያቂዋ እህቴ፣ የኔ ችግር ወፍጮ ቤት ነው። ከኔ በፊት ስንዴ ከተፈጨ የድንጋዩ ቅሪት ወደ ጤፌ ይገባል። ሽሮና በርበሬውም እዚያው ነው የሚፈጨው፣ ስለዚህ የአማትሽን ሻንጣ መፍራትሽ ልክ ነሽ። እኔ አሁን ፍሬውን ገዝቼ ቤት ነው የምፈጨው። ጤፍ ደግሞ ማነሱ ጠቀመን። በጠባብ ወንፊት ስነፋው እሱ ይሾልካል፣ ስንዴውና ገብሱ ላይ ይቀራል። አንዴ ከአምስት ኪሎ ውስጥ ሰባት የገብስ ፍሬ ለቅሜ መስኮት ላይ ደርድሬ ለእናቴ አሳየኋት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የምትነፋልኝ እሷ ናት።

የመንታዎች እናት፦

ስለ አማትሽ እኔ ልናገር፣ ቀምሼዋለሁና። የኔ ልጆች የማይስማማቸው ኦቾሎኒ ነው። «አይቻልም» ብለሽ አትጀምሪ፣ ሥራ ስጫቸው። «እማዬ፣ ቡላ ይዘውልኝ ይምጡ፣ ለልጅቷ የሚሆን ገንፎ እንደ እርስዎ የሚያገነፋ የለም» በያቸው። ቡላ እንሰት ነው፣ ስንዴ የለበትም። ዶሮውም፣ አይቡም፣ ጎመኑም ምንም የለባቸውም። ሰው ባዶ እጁን ሲቀመጥ ነው ቅር የሚለው።

የምትፈሪው ግን ጉርሻውን ይሁን። ማንም እንግዳ በድብልቅ እንጀራ ጠቅልሎ አፏ ላይ ይዞላት ሲመጣ ልጅ እንዴት እምቢ ትበል? የኔዎቹን «እናቴ ታጉርሰኝ» እንዲሉ አስተማርኳቸው። ትሪዋንም ለብቻ አድርጊላት፣ ትልቁን ሳይሆን ደስ የሚለውን ትሪ ስጫት።

የወጥ ማስታወሻ፦

እማማ ሰፌድ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ትናንት እንዳሉኝ ጋገርኩ። የመጀመሪያዋ ምጣዱ ላይ ተቀደደች፣ ሁለተኛዋ ስትወጣ ሰፌዱ ላይ ለሁለት ሄደች። አብሲቱን ሳላበርደው ቸኩዬ ነበር፣ ልክ ነዎት። ዛሬ ጠዋት ሌላ አብሲት ጥዬ ጣቴን ነከርኩ። አራተኛዋ ላይ ዓይኑ ሲወጣ አክምባሎውን ከፍቼ ልጄን ጠራኋት። በዘይትና በበርበሬ ቃተኛ አድርጌላት ሁለት ጨረሰች፣ ሌሊቱን እያየሁ ነው።

አማቴ ጋ ደወልኩ። ዝም አሉ። ከዚያ «ታዲያ እስከ ዛሬ ምን ስታበያት ኖርሽ?» አሉኝ። ተውኩት፣ መልስ የለኝማ። በነጋታው ግን ራሳቸው ደውለው «ቡላው ተገዝቷል። በርበሬውን ዛላውን እንዳለ አመጣልሻለሁ፣ አንቺው ትፈጪዋለሽ። ወንፊቱ አዲስ መሆን አለበት አይደል?» ብለው ጠየቁኝ። ድፎውን ግን አልተዉም! እዚሁ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ፣ የባሌ እህት ቤት ይደፉታል፣ እዚያው ቆርሰን እዚያው እንበላለን፣ ልጄ የራሷን ይዛ ትሄዳለች።

የድሮውን ጽሑፌንም ከፈትኩት። ሰልፍ ራይዚንግ የሚለውን ሰርዤ ለምን እንደሰረዝኩ ከላይ ጻፍኩበት። አንዲት አንባቢ በአንድ ሰዓት ውስጥ «ታዲያ ያለሱ ዓይን ያወጣል?» አለችኝ። የአራተኛዋን ፎቶ ላክሁላት።

ማሰሻውን ጥያለሁ። አዲሱን ምጣድ የማሟሽበት ጎመን ዘር ግን እዚህ አካባቢ ከየት ነው የምታገኙት?