ጥቆማ፦ ለዲስሌክሲያ በሚሆን ፎንት የሚያትም ቤት ባሕር ዳር ማን ያውቃል?

የአቤል እናት፦ ሰላም ያገሬ ልጆች። ልጄ አራተኛ ክፍል ነው፣ ዲስሌክሲያ የሚባል የንባብ ችግር አለበት ተባልን። ኦፕንዲስሌክሲክ የሚባል ፎንት ይረዳል ሲሉ ሰማሁ። የአማርኛ መጽሐፉን በዚያ ጽፎ የሚያትምልኝ ጠቁሙኝ።

ፔዳ በር፦ ፔዳ አጠገብ በሩ ሰማያዊ የሆነው ቤት። ሌላ ቦታ እንዳትለፊ።

ቀበሌ 14፦ ማተሚያ ቤት ከተነሳማ እኔም ልናገር! የሠርግ ካርዴን ሰጥቼ ፎንቱ እነሱ ኮምፒውተር ላይ ስላልነበረ የሙሽራዋ ስም ሳጥን ሳጥን ሆኖ ወጣ። ብሩንም አልመለሱም።

ማንጎ፦ ውይ! የትኛው ቤት ነው?

ቀበሌ 14፦ ስም አልጠራም። አማቴ እስከ ዛሬ «ወይዘሮ ሳጥን» ይሏታል።

ፔዳ በር፦ ሰማያዊ በር እንዲህ አይሠራም።

ባጃጅ፦ መጀመሪያ ዓይኑን አስመርምሪው፣ መነጽር ይሆናል።

ፊደል ቆጣሪ፦ ዓይን ማሳየቱ አይከፋም፤ ዲስሌክሲያ ግን በዋናነት ፊደልን ከድምፁ ጋር የማገናኘት ችግር ነው። እህቴ፣ ያ ፎንት የተሠራው ለላቲን ነው፤ የእኛን ፊደል ስለማይዝ ወይ ኮምፒውተሩ በሌላ ይተካዋል ወይ የወንድማችን ካርድ ይደገማል። በእንግሊዝኛም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣ ጥናት ልጆቹ አልፈጠኑበትም፣ ስሕተታቸውም አልቀነሰም። ዲስሌክሲ የሚባለውን የሆላንድ ፎንት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 ከተለመደው የአርያል ፎንት ጋር አወዳደሩት፤ አርያሉን በዚያው ልክ ሲያራርቁት እኩል ሆኑ። የሠራው ክፍተቱ ነበር ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2012ም የጣሊያንና የፈረንሳይ ልጆች ፊደሉ ሲራራቅላቸው የተሻለ አንብበዋል። በእኛ ቡ እና ቢ የሚለዩት በአንዲት ጭረት ቦታ ስለሆነ እኔ ብሆን ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የሚባለውን የእኛን ፊደል የያዘ ፎንት በነጻ አውርጄ፣ በ16 መጠን፣ ፊደሉንም መስመሩንም አራርቄ በፒዲኤፍ እወስዳለሁ። ያኔ ፎንቱ ፋይሉ ውስጥ አብሮ ስለሚሄድ የትም ቢታተም ሳጥን የለም።

ፔዳ በር፦ ይህንንም ሰማያዊ በር ይሠራዋል።

ማንጎ፦ እምቦጩንም ከጣና ይነቅልልን እንዴ?

ጡረተኛ፦ ልጄ፣ ወረቀት ብቻውን አያስተምርም። አብረሽው ጮክ ብለሽ አንብቢ፤ የታችኛውን መስመር በካርቶን ሸፍኝለት። ዩኒቨርሲቲው ፔዳ ግቢ ያሉትን የልዩ ፍላጎት መምህራንም ጠይቂ።

የአቤል እናት፦ እግዜር ይስጥልኝ። ጥረዛውስ ስፓይራል ይሻላል ወይስ በሙጫ?

ፔዳ በር፦ ሰማያዊ በር ሁለቱም አለ።

ቀበሌ 14፦ ሙጫ ካልሽ እኔ ያተምኩበት እንዳትሄጂ፣ የእህቴ የመመረቂያ ጽሑፍ...