11ኛ ክፍል ላሉ ልጆች ከየት ልጀምር?

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ያለሁት ደሴ ነው። የእህቴ ልጅና የሰፈር ጓደኞቿ ቅዳሜ ቅዳሜ እኛ ቤት ያጠናሉ። ሁሉም 11ኛ ክፍል ናቸው፣ የተፈጥሮ ሳይንስ። ሒሳብና ፊዚክሱን እንደምንም እየተጋገዝን ነው። ግራ የገባኝ ሌላው ነገር ነው።

12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ላይ ቢያንስ 50 በመቶ ካላመጡ በቀጥታ ዩኒቨርሲቲ መግባት የለም። ታዲያ ጊዜያቸውን ሁሉ ለዚያ ላውለው? ሁለቱ ግን የውጭ ስኮላርሺፕ ካልሞከርን ብለው ችክ ብለዋል። ያ ደግሞ ትራንስክሪፕት፣ የመምህር የድጋፍ ደብዳቤ፣ ፓስፖርት፣ ስለራስ የሚጻፍ ድርሰት ይፈልጋል። ድርሰቱ ገና ሲነሳ ያልባቸዋል። «እኔ ምን አለኝ ብዬ ልጻፍ?» ትላለች የእህቴ ልጅ። ጠዋት የእናቷን ሱቅ ከፍታ፣ ታናናሾቿን ቁርስ አብልታ ነው እኮ ትምህርት ቤት የምትሄደው!

የባሰው የስም ጉዳይ ነው። የአንዱ ልጅ አባት መሐመድ ይባላሉ። በእንግሊዝኛ ሲጻፍ የልደት ሰርተፊኬቱ ላይ መሐሉ አንድ ኤም፣ ትራንስክሪፕቱ ላይ ሁለት። ትምህርት ቤቱ ከወሳኝ ኩነት ደብዳቤ አምጡ ይላል፤ እዚያ ደግሞ ከትምህርት ቤት አምጡ። መመላለሱ ሰለቸን።

እንዲህ ያለ ነገር ያስተካከላችሁ፣ መጀመሪያ የትኛውን አስቀየራችሁ? ፍርድ ቤት መሄድ ግድ ነው? ድርሰቱንስ አሁን ይጀምሩት ወይስ ለክረምት ይቆይ? ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ልጆች የሚያማክር ሰው ካወቃችሁ ጠቁሙኝ። ቡናው በእኔ ነው፣ እስከ በረካው።