ጓሳ ላይ በሚኒባስ ለማደር ጄኔሬተሩን መኪናው ውስጥ ማስነሳት ይቻላል?

የሚኒባሱ ባለቤት፦
ሰላም ነው ቤተሰብ? ወንበሮቹን አውጥቼ አልጋ የገጠምኩለት ሚኒባስ አለኝ። ትንሽ ፍሪጅም አለችው። ሰሞኑን ልጆቹን ይዘን ከደብረ ብርሃን መንዝ ጓሳ ልንወጣ ነው፣ ስንመለስ ደግሞ በጣርማበር ወርደን ሸዋ ሮቢት ሞቅ ያለ ቦታ አንድ ሌሊት እናድራለን። ያለኝ 2.5 ኪሎዋት የቤንዚን ጄኔሬተር ነው። ዋናው ፍላጎቴ ሌሊት ማሞቂያ እንዲሠራልን ነው፣ የጓሳን ብርድ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ውጭ ላስቀምጠው ብል ሌባም ዝናብም አለ። ስለዚህ ከኋላ ዕቃ መጫኛው ላይ አስሬው፣ ማርሚታው (የጭስ መውጫው) ላይ ቱቦ ቀጥዬ ጭሱን በወለሉ ቀዳዳ ላስወጣው አስቤያለሁ። የባለቤቴ ወንድም ግን «ምን አደከመህ፣ አንድ መስኮት ገርበብ አድርጎ መተኛት ነው» ይላል። ልጆች ስላሉ ነው የምጠይቀው።

ዲናሞ ጠምጣሚ፦
አታድርገው። ቱቦውም መስኮቱም አይሆንም።

ጄኔሬተር ሲሠራ ይንቀጠቀጣል፣ ማርሚታው ደግሞ እሳት ነው። ማታ አጥብቀህ ያሰርከው መጋጠሚያ ሲላላ አንተ እንቅልፍ ላይ ነህ። ውጭ አገር ጄኔሬተር ተገጥሞላቸው የሚሠሩ የመኝታ መኪኖች አሉ፣ እነሱ ግን ጄኔሬተሩ የሚቀመጥበት ሳጥን ወደ መኝታው ምንም አየር እንዳያሳልፍ የታሸገ ነው፣ በሩም የሚከፈተው ወደ ውጭ ብቻ ነው፣ የጭስ ቱቦውም ከመኪናው ጠርዝ አልፎ ይወጣል። በእጅ የሚንጠለጠለው ያንተው ዓይነት የተሠራው ሜዳ ላይ ተቀምጦ እንዲሠራ ነው። ከመኪናው ቢያንስ 6 ሜትር አርቀው፣ የማርሚታውን አፍ ወደ ማዶ አዙረው፣ ነፋሱም ከመኪናው ወደ ጄኔሬተሩ የሚነፍስበት በኩል ይሁን። እዚያ ላይ ነፋሱ እንደፈለገው ስለሚዞር አስነስተህ ዞር አትበል።

ሌላው ኃይሉ ነው። የቤንዚን ሞተር ከባህር ወለል ከፍ ባለ ቁጥር በየ300 ሜትሩ 3.5 በመቶ ያህል ይደክማል። ጓሳ ከ3,200 ሜትር በላይ ስለሆነ 2.5 ተብሎ የተጻፈበት እዚያ 1.6 ኪሎዋት ቢሰጥህ ነው። 2,000 ዋት ማሞቂያ ሰክተህ ፍሪጇ ስትነሳ ምን እንደሚሆን አስበው፣ ፍሪጅ ሲነሳ ከወትሮው በላይ ነው የሚስበው።

ካንዴላውን፣ ማለትም ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን፣ ፈተህ እየው፣ ጥላሸት ከለበሰ ቤንዚኑ በደንብ እየነደደ አይደለም ማለት ነው። ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ እንዲህ ይሆናል፣ የመርዙ ጭስም የሚበዛው ያኔ ነው። ካርቡሬተሩን (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን) ለከፍታው ላስተካክልልህ የሚል መካኒክ አይጠፋም። ሸዋ ሮቢት ስትወርድ ግን ቤንዚን ያንሰውና ሞተሩ ይግላል፣ መልሰህ ማስተካከል ሊኖርብህ ነው። ዲፕራተሩን (የአየር ማጣሪያውን) አጽዳና በቀላል ነገር ተጠቀምበት።

የደሴ መንገድ ሹፌር፦
ጋሼ ዲናሞ አላካበዱትም? እኛ መስኮት ከፈት አድርገን ስንተኛ ስንት ዘመናችን፣ ጭስ ከገባ ደግሞ ይሸታል፣ ሰው ይነቃል።

ሲስተር ከደብረ ብርሃን፦
ወንድሜ፣ የሚሸተው ሌላው ጭስ ነው። የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። ደም ውስጥ ሲገባ ሄሞግሎቢንን የሚይዘው ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ነው። የተኛ ሰው አይነቃም፣ የነቃም ቢሆን ጉልበቱ ከድቶት በሩን መክፈት ሊያቅተው ይችላል። መስኮት ገርበብ ማድረግ አያድንም፣ እንዲያውም ነፋሱ ከውጭ ያለውን ጭስ በዚያው በኩል ሊያስገባው ይችላል።

አሁን ጓሳ ላይ ለየት የሚያደርገውን ልንገራችሁ፣ ይህን ማንም ሲያነሳው አላየሁም። የዚህ ጋዝ የመጀመሪያ ምልክት ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና ድካም ነው። ከፍታ ያልለመደ ሰው ጓሳ ላይ የሚሰማው ምንድን ነው? ያው ራስ ምታት፣ ያው ማቅለሽለሽ። ስለዚህ ልጁ «ራሴን አመመኝ» ሲል እናቱ «ከፍታው ነው፣ ተኛ ይለቅሃል» ትለዋለች። በዚያ ላይ እዚያ የምንስበው ኦክስጅን ከባህር ወለሉ አንጻር በሲሶ ያህል ያነሰ ነው፣ ሰውነት ትርፍ የለውም። ጋሼ እንዳሉት ሞተሩም የሚያወጣው መርዝ ይበዛል። ሦስቱ አንድ ላይ ሲመጡ ነው የምፈራው።

ጄኔሬተር እየሠራ መኪናው ውስጥ ካሉት ሁለት ሦስቱን በአንድ ጊዜ ካመማቸው ከፍታ ነው አትበሉ። ሁሉም ይውጣ፣ ሞተሩ ይጥፋ፣ በሮቹ ይከፈቱ። ውጭ አየር ሲያገኙ ቶሎ ቀለል ካላቸው ጋዙን ጠርጥሩ፣ ቀለላቸው ብላችሁ ግን መልሳችሁ አታስተኟቸው፣ ወደ ጤና ተቋም ውሰዷቸው። ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ እዚህ ላይ ያታልላል፣ ደሙ ጋዝ ተሸክሞም ደህና ቁጥር ያሳያል። ደግሞ ጄኔሬተሩን ውጭ አድርጋችሁ የቡናውን ከሰል ለሙቀት ብላችሁ እንዳታስገቡ፣ ጋዙ አንድ ነው።

ካርቦን ሞኖክሳይድ ሲኖር የሚጮህ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ መሣሪያ አለ። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ አስመጡ። የእሳት ጭስ ሲኖር የሚጮኸው ሌላ ነው፣ እሱ ይህን አያውቅም።

የሚኒባሱ ባለቤት፦
ሲስተር ተባረኪ፣ የባለቤቴንም ወንድም አስነብቤዋለሁ፣ ዝም ብሏል። እሺ ሌሊቱን በምን እንሙቅ? ጄኔሬተሩንስ ሌሊት ማን ይጠብቀው?

የመሐል ሜዳ ልጅ፦
ሌሊት ካላስነሳኸው የሚጠበቅ ነገር የለህም። ማታ ራት ሲበላ ውጭ አስነሳው፣ ባትሪ ይሙላ፣ ፍሪጇም ትቀዝቅዝ፣ ሻይ አፍሉ። ከዚያ አጥፋው። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ውጭ ከመኪናው ጋር በሰንሰለት ታስረዋለህ። ባለ 12 ቮልት 100 አምፒር ሰዓት ባትሪ ግማሹን ብትጠቀምበት 600 ዋት ሰዓት ነው፣ ለመብራትና ለስልክ ይተርፍሃል፣ ማሞቂያ ግን አስብበት እንኳን አልልህም። ለሙቀቱ የመንዝ ሰው ዝተት (ወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስ) የሚሸምነው ለምን ይመስልሃል? በስንት ዋት ነው የሚሠራው እንዳትለኝ ብቻ። ሁለት ዝተት ለልጆቹ፣ ለእናንተ ጋቢ ደርባችሁ። መስኮቱን ለአየር ከፈት አድርጉት፣ ያኔ የሚገባው ብርድ ብቻ ነው።

ሣሩን ተጠንቀቅ። ጓሳ የሚባለው ሣር ሲደርቅ እንደ ገለባ ነው የሚቀጣጠለው፣ የጋለ ማርሚታ ሣር ላይ እንዳታስቀምጥ። ራቁት መሬት ወይም ጠፍጣፋ ድንጋይ ፈልግ። ያ ሣር የአካባቢው ሰው ከጥንት ጀምሮ ቀሮ በሚባል የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ሲጠብቀው የኖረ ነው፣ ቤቱን የሚከድነው በእሱ ነው። ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ለማየት መጥተህም ሌሊቱን ሙሉ ሞተር ብታስጮህ ምን ልታይ ነው?

ዲናሞ ጠምጣሚ፦
ልጁ ጨርሶታል። ቤንዚን ስትጨምር ብቻ ሞተሩን አጥፍተህ ሩብ ሰዓት ያህል ይቀዝቅዝ፣ የጋለ ማርሚታ ላይ የፈሰሰ ቤንዚን ወዲያው ነው የሚያያዘው። ጉምና ካፊያ ካለ ገመዱ መሬት ለመሬት በውሃ ውስጥ አይጎተት፣ 220 ቮልት ነው። የኤክስቴንሽኑም ሽቦ ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ይሁን፣ ቀጭኑ ይግላል።

የቤንዚኑን ጀሪካን ልጆቹ የሚተኙበት አታስቀምጥ፣ የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፣ ወለሉ ላይ ነው የሚተኛው። አፉ ድረስም አትሙላው፣ ዳገት ሲወጣ ይነፋል። ስትከፍተው ቀስ አድርገህ ክዳኑን ላላ አርገውና ይተንፍስ፣ ሲጋራ የያዘ ሰው አጠገብህ አይኑር።