የሐቶር ስለቶች ይመለሱ ወይስ ባሉበት ይቆዩ?

መነሻ፦ በግብፅ፣ ከሉክሶር ማዶ ባለው ዴር ኤል ባህሪ፣ የዛሬ 3,500 ዓመት ገደማ ሰው ሐቶር ለተባለች፣ በላም መልክ ለምትታይ እንስት አምላክ ስለት ያስገባ ነበር። ከስለቱ መሐል ዶቃ የተሰፋባቸውና ሥዕል የተሣለባቸው የተልባ እግር ጨርቆች ይገኙበታል። ስዊዘርላንዳዊው የጥንት ቅርስ አጥኚ ኤዱዋር ናቪል ከ1903 እስከ 1907 (እ.ኤ.አ.) ሲቆፍር ብዙ ስለት አወጣ። ዛሬ በተለያዩ አገሮች ሙዚየሞች ተበትኗል። ይመለስ?

ዶቃዬ፦ ይመለስ! ምኑ ያከራክራል? ለመቅደላ ሲሆን እንጮሃለን፣ የሰው ሲሆን ግን «እናስብበት»?

ሕግ አዋቂው፦ ረጋ በል ወንድሜ። መቅደላን በ1868 ጦር ገብቶ ዘረፈው። ይሄ በፈቃድ የተቆፈረ ነው። የግብፅ ቅርስ መሥሪያ ቤት የፈለገውን መርጦ ያስቀር ነበር። በ1906 የተገኘው የሐቶር ላም ሐውልት ካይሮ የቀረው ለዚህ ነው። ናቪልን የላከው ማኅበር ድርሻውን ገንዘብ ላዋጡ ሙዚየሞች አከፋፈለ። ሁለቱን አንድ ካደረግን የመቅደላ ክርክራችን ራሱ ይደክማል።

እቴሜቴ፦ ፈቃድ ሰጪው ማን ነበር? የቅርስ መሥሪያ ቤቱ ኃላፊ፣ ፈረንሳዊው ማስፔሮ። አገሩን ከ1882 ጀምሮ የያዘውስ? የእንግሊዝ ጦር። ሁለት እንግዶች የባለቤቱን ዕቃ ተካፍለው «ተፈራርመናል» ቢሉ ምን ትላለህ?

ተጠራጣሪ፦ እኔ ነገር ላበላሽ። አብዛኛው ስለት እኮ የተገኘው ከቆሻሻ ክምር ነው። ቤተ መቅደሱ ሲጣበብ አገልጋዮቹ ራሳቸው እያወጡ ደፍተውታል። የተጣለ ዕቃ ባለቤት አለው?

እቴሜቴ፦ የደፉት እዚያው አጠገቡ ነው፣ ባሕር አላሻገሩትም። ደግሞ የንጉሥ ዕቃ ብቻውንም ይናገራል። የቱታንክሃሙን የዶቃ ጫማ የማን እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። እነዚህ ግን የተራ ሰው ስለት ናቸው። ጨርቆቹ ላይ ሴቶች ቤተሰባቸውን ይዘው ላሟ ፊት ቆመው ይታያሉ። አንድ ላይ ሲታዩ ነው አንድ ሕዝብ ምን ይለምን እንደነበር የሚገባህ። አንዷ ቁራጭ እዚህ መሳቢያ፣ ሌላዋ እዚያ ስትሆን ምን ይገባሃል?

ሸማኔው፦ ሁላችሁም ክሩን ረሳችሁት። ፋያንስ የሚባለው ዶቃ ከተፈጨ አሸዋ ተጋግሮ ስለሚሠራ ዘመን ይችላል። ክሩ ግን ይበሰብሳል። በ1927 ጊዛ የተገኘው፣ አሁን ቦስተን ያለው የዶቃ ቀሚስ ዶቃው ተበትኖ ነው የተገኘው። እንደገና ነው የተሰካው። ያረጀ ጨርቅ ጭኖ ማመላለስ ቀልድ አይደለም።

ዶቃዬ፦ ሲወሰድ ያልረገፈ ሲመለስ ሊረግፍ ነው?

ሸማኔው፦ ያኔማ የረገፈውን ማን ቆጠረው! መመለሱን አልተቃወምኩም። ባለሙያ አንድ በአንድ ይየው፣ የሚችለው ይሂድ ነው የምለው።

ሕግ አዋቂው፦ በስምምነት ከሆነ እኔም አልቃወምም። «ዘረፋ» አትበሉት እንጂ። ግን የት ይግባ? ካይሮ?

እቴሜቴ፦ ኧረ ሉክሶር! ስለቱ የገባው እዚያ አይደል እንዴ?