ግድግዳዬ ውስጥ ንብ ሰፍሮብኛል፣ ምን ላድርግ?

እባካችሁ ንብ የምታውቁ ሰዎች ድረሱልኝ። ጎንደር፣ አዘዞ ነው ያለሁት። ቤታችን የእንጨትና ጭቃ ነው፣ ከውጭ በሲሚንቶ የተለሰነ። ከጣሪያው ሥር ልስኑ ተሰንጥቆ ጣት የምታስገባ ቀዳዳ ነበረች፤ ዛሬ ነገ እደፍናታለሁ ስል፣ አደይ አበባው ሲፈነዳ አንድ መንጋ መጥቶ ገባባት። አሁን የቀዳዳዋ ዙሪያ ወዝቶ ጠቁሯል። ማታ ጆሮዬን መኝታ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሳስጠጋ እንደ ሩቅ ወፍጮ ቤት ያጉረመርማል።

እናቴ «ሲሳይ ነው፣ እንዳትነኩት» ትላለች። እሺ ሲሳይ ይሁን! ግን ባለፈው ሳምንት የጎረቤት ልጅ ዓይኑ ሥር ተነድፎ ፊቱ ዳቦ አክሎ ነበር።

አንዱ ፍሊት ንፋበት አለኝ። ንቦቹ ቢሞቱም ማሩና ሰፈፉ እዚያው ቀርቶ ጉንዳን ይጠራብኛል፣ ደግሞም ያሳዝናሉ። ቀዳዳውን ብደፍነው መውጫ ሲያጡ በውስጥ በኩል አልጋዬ ላይ ነው የሚመጡት።

ያሰብኩት ንብ አናቢ ጠርቼ፣ አመሻሽ ላይ በጭስ አብርዶ፣ ልስኑን ፈልፍሎ የማር እንጀራውን ከነእጩ ቆርጦ ወደ ቀፎ እንዲያዛውራቸው ነው። ይህን ያደረገ አለ? ግድግዳው ምን ያህል ይፈርሳል? አውራዋ ካልተገኘችስ ተመልሰው ይገባሉ? ደግሞ ቀዳዳውን ከመድፈኔ በፊት የሰፈፉን ሽታ በምን ላጥፋው? ሌላ መንጋ ሸትቶት እንዳይመጣብኝ ፈርቻለሁ። እዚሁ ጎንደር አካባቢ እንዲህ ያለ ሥራ የሚሠራ ሰው የምታውቁ ካላችሁ ስንት እንደሚያስከፍልም ጠቁሙኝ።