በአርዴሽ ያለችውን የእንግዳ ቤታችንን ኮከብ እናሰጣት ወይስ ይቅር?

ጥያቄ፣ ከሊዮን

ጤና ይስጥልን፣ ውድ አባላት። ከባለቤቴ አያት በውርስ የደረሰችን አንዲት የድንጋይ ቤት አለችን። የምትገኘው በደቡብ ምሥራቅ ፈረንሳይ፣ በአርዴሽ ሸለቆ ሲሆን፣ ታንኳ ሊቀዝፉና ጥንታዊ ሥዕሎች ያሉበትን የሾቬ ዋሻ ቅጂ ሊያዩ ለሚመጡ እንግዶች በሳምንት ሒሳብ እናከራያታለን። ስፋቷ 48 ካሬ ሜትር ነው፤ ሁለት መኝታ ክፍል አላት፤ አራት ሰው ታሳድራለች። ባለፈው ዓመት 14,000 ዩሮ አስገብታልናለች። የባንክ ዕዳ የለባትም፤ ጣሪያዋም ከጥቂት ዓመታት በፊት ታድሷል።

ቤቲቱን ስናስመዘግብ የማዘጋጃ ቤቷ ሠራተኛ ይፋዊውን የኮከብ ደረጃ እንድናሰጣት መከረችን። ያነጋገርነው ገምጋሚ ድርጅት ለጉብኝቱ 190 ዩሮ ጠይቆናል። እንግዶች የሚጽፉልን አስተያየት መልካም ስለሆነ ባለቤቴ «ምን ያደርግልናል?» ይላል። እኔን የሚያሳስበኝ ደግሞ ሌላ ነው፤ ወደ ላይ የሚያወጣው መሰላል ጠባብ፣ ወጥ ቤቷም ትንሽ ስለሆነች፣ አንድ ኮከብ ብቻ ተሰጥቷት እንግዳ እንዳይሸሽብን እፈራለሁ። በዚህ ያለፋችሁ ብትመክሩን።

መልስ፣ ከግሬኖብል

እህቴ፣ ይህን ጉዳይ ከእንግዳው በፊት ከግብሩ አንጻር ቢመለከቱት ይሻላል፤ ምክንያቱም በፈረንሳይ ኮከብ ማሰጠት ግዴታ ባይሆንም፣ ያሰጠና ያላሰጠ አከራይ ግብር የሚከፍሉት በአንድ ዓይነት ስሌት አይደለም። በኖቬምበር 2024 የወጣው ሕግ ከ2025 ገቢ ጀምሮ ልዩነቱን እንዲህ አድርጎታል፤ ቤቱ ኮከብ ከሌለው «ሚክሮ» በሚባለው ቀላል ሥርዓት ከኪራዩ 30 በመቶው ብቻ ለወጪ ተብሎ ይቀነሳል፤ ኮከብ ካለው ግን 50 በመቶው ይቀነሳል። በቀድሞው ሕግ ኮከብ ላለው 71 በመቶ ይቀነስ ስለነበር ብዙ ሰው «አሁን ጥቅሙ ቀርቷል» ሲል እሰማለሁ። ትክክል አይደለም፤ ጥቅሙ ቀነሰ እንጂ አልቀረም።

በእርስዎ ቁጥር እንየው። ከ14,000 ዩሮ ላይ 30 በመቶ ሲነሣ ግብር የሚታሰብበት 9,800 ይቀራል፤ 50 በመቶ ሲነሣ ደግሞ 7,000። ልዩነቱ 2,800 ዩሮ ነው። የገቢ ግብር እርከናችሁ 11 በመቶ ቢሆን፣ ከ17 በመቶ የሚበልጠው የማኅበራዊ መዋጮ ሲታከልበት፣ በዓመት ከ780 ዩሮ በላይ በኪሳችሁ ይቀራል ማለት ነው። የገምጋሚው 190 ዩሮ የሚከፈለው ግን በአምስት ዓመት አንድ ጊዜ ነው።

ከዚህ ይልቅ አጥብቄ የማሳስብዎ የገቢ ጣሪያውን ነገር ነው። ኮከብ የሌለው ቤት በሚክሮ የሚቆየው ዓመታዊ ኪራዩ እስከ 15,000 ዩሮ ሲሆን ብቻ ነው፤ ኮከብ ላለው ግን ጣሪያው እጅግ ከፍ ያለ ነው፤ ለ2025 ገቢ 77,700 ነበር። እናንተ ከመስመሩ የቀራችሁ 1,000 ዩሮ ነው፤ ሁለት ተከታታይ ጥሩ በጋ ያሻግራችኋል።

መልስ፣ ከሞንፔሊዬ

ከላይ የተሰጠው ስሌት ትክክል ነው፤ ነገር ግን ለሁሉም ሰው አይሠራም። እኛ የምናከራየውን ቤት የገዛነው በባንክ ብድር ስለሆነ ግብር የምንከፍለው «ሬኤል» በሚባለው ሥርዓት ነው። በዚህ ሥርዓት የብድሩ ወለድ፣ ጥገናው፣ የመድን ክፍያውና የቤቱ ዓመታዊ የእርጅና ተቀናሽ አንድ በአንድ ከገቢው ይነሣሉ። ኮከብ የሚያመጣው የመቶኛ ቅናሽ እዚህ ቦታ ስለሌለው ለግብር ብለን አላሰጠንም። እርስዎ ዕዳም ትልቅ ወጪም የለብዎትምና የግሬኖብሉን ወንድማችንን ምክር ይከተሉ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ በኮከብ ፈንታ የስንዴ ዛላ ወይም የቁልፍ ሥዕል የሚሰጡት እንደ ዢት ደ ፍራንስና ክሌቫካንስ ያሉ ማኅበራት ምልክት ሌላ ነገር ነው። ለማስታወቂያ ይጠቅም ይሆናል፤ ዛላው ወይም ቁልፉ ብቻውን ግን የግብር ስሌቱን አይለውጥም።

መልስ፣ ከአኔሲ

እኔ ባለፈው የጸደይ ወራት ለትንሿ አፓርታማችን ሁለት ኮከብ አሰጥቻለሁ፤ ስለ ጉብኝቱ የማውቀውን ልንገርዎ። በቅድሚያ የሚፈልጉትን የኮከብ ብዛት መርጠው የሚያመለክቱት እርስዎ ነዎት። ገምጋሚው በራሱ ስሜት አይፈርድም፤ 133 ነጥቦች ያሉት አንድ ወጥ መመዘኛ ይዞ ይመጣል። መመዘኛው የቤቱን ዕቃና አቀማመጥ፣ ለእንግዳ የሚሰጠውን አገልግሎት፣ እንዲሁም ለአካል ጉዳተኞች ያለውን ምቹነትና የአካባቢ ጥበቃን ይመለከታል።

ወደ እኛ የመጣችው ሴት መጀመሪያ ያደረገችው የክፍሎቹን ስፋት መለካት ነበር። ከዚያ ምድጃውን አንድ በአንድ አበራች፤ የወጥ ቤቱን መሳቢያ ስባ ሹካና ማንኪያውን በእንግዶቹ ቁጥር ቆጠረች፤ አንሶላውን ገልጣ የፍራሽ መከላከያ ልብስ መኖሩን አየች፤ መጋረጃው ብርሃን የሚያስገባ መሆን አለመሆኑን ለማየትም በቀትር ዘግታ በጨለማው ቆመች። እኔ ስለ አሮጌው የመታጠቢያ ቤት ንጣፍ ስጨነቅ፣ እርሷ የጻፈችብኝ ከአልጋው በግድግዳው በኩል ለሚተኛ ሰው የራስጌ መብራት አለመኖሩን ነው። መብራቱን በማግስቱ ገዝቼ ሰቀልኩት።

ሪፖርቱ በአንድ ወር ውስጥ ይደርስዎታል። የቀረበልዎን ደረጃ ካልወደዱት በ15 ቀን ውስጥ እምቢ ማለት ይችላሉ፤ ዝም ካሉ ግን ለአምስት ዓመት ይጸናል። ስለዚህ «አንድ ኮከብ ተለጥፎብን እንቀራለን» ብለው አይፍሩ። ሦስት ኮከብ ጠይቀው ከመውደቅ ግን ሁለት ጠይቀው ማለፍ ይሻላል፤ ሚክሮ ላይ ያለው ቅናሽ በኮከቡ ብዛት አይለያይም።

ለእንግዳውም የሚተርፍ ነገር አለ። ማዘጋጃ ቤቱ በአንድ ሰው በአንድ አዳር የሚያስከፍለው «ታክስ ደ ሴዡር» ኮከብ በሌለው ቤት ከኪራዩ እስከ 5 በመቶ ይደርሳል፤ ኮከብ ባለው ቤት ቁርጥ ሒሳብ ነው። በእኛ ቤት አራት አዋቂዎች በአዳር 120 ዩሮ ሲከፍሉ በ5 በመቶው 6 ዩሮ ይታከልባቸው ነበር፤ አሁን በሰው 80 ሳንቲም፣ በድምሩ 3 ዩሮ ከ20 ነው። ቤተሰብ ለሳምንት ሲቀመጥ ልዩነቱን ያስተውለዋል።

መልስ፣ ከሙኒክ አቅራቢያ

በጀርመን ለምታከራዩ፣ ይህ የግብር ነገር ወደዚህ አይሻገርም። የጀርመን ቱሪዝም ማኅበር ኮከብም በፈቃድ የሚወሰድ ነው፤ ለሦስት ዓመት ይጸናል፤ በግብር ላይ ግን የሚጨምረውም የሚቀንሰውም የለም። እኛ የምናሳድሰው የከተማችን የቱሪስት ቢሮ መጽሔት ኮከቡን ከቤቱ ስም አጠገብ ስለሚያትምና አረጋውያን እንግዶቻችን ከዚያ ስለሚመርጡን ብቻ ነው።

ጠያቂዋ፣ ከሊዮን

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ግብር የምንከፍለው በሚክሮ መሆኑን ባለቤቴ ከባለፈው የግብር ማስታወቂያችን ላይ አረጋገጠ፤ የ780 ዩሮውን ስሌት ሲያይም ተቃውሞውን ተወ። ሁለት ኮከብ ልንጠይቅ ተስማምተናል። አንድ ጥያቄ ግን ቀርቶኛል፤ ኮከቡ ከተሰጠን በማዘጋጃ ቤቱ ያደረግነው ምዝገባ ይቀራል?

መልስ፣ ከግሬኖብል

አይቀርም፤ ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። እንዲያውም ያው የኖቬምበር 2024 ሕግ ለአጭር ጊዜ የሚከራይ ቤት ሁሉ ከሜይ 20፣ 2026 ጀምሮ በአገር አቀፍ ደረጃ የምዝገባ ቁጥር እንዲኖረው ያዛል፤ ኮከብ ያለውም የሌለውም። ጉብኝቱን ቤቷ ባዶ በሆነችበት በክረምቱ ወራት ቢያስይዙ መልካም ነው፤ የጎደለ ዕቃ ቢገኝ እንግዳ ከመምጣቱ በፊት ለማሟላት ጊዜ ያገኛሉ።

ጠያቂዋ፣ ከሊዮን

ለፌብሩዋሪ ቀጠሮ ይዘናል። ዛሬ ቅዳሜ ወርደን ሳህንና ብርጭቆውን ለአራት ሰው ቆጠርን፤ ሁለት የራስጌ መብራትና አንድ የፍራሽ ልብስ ይጎድላል።