ኮቪድ በገቢ ንግድ ላይ የተወው ጠባሳ ድኗል ወይስ አልዳነም?

ሰላም፦ ለዛሬ ክርክራችን ጥያቄው ከላይ ያለው ነው። ዓመተ ምሕረቱን በፈረንጆቹ እንቁጠር።

ዳዊት፦ ድኗል ባይ ነኝ። በ2020 የዓለም ንግድ ድርጅት የሸቀጥ ንግድ ከ13 እስከ 32 በመቶ ሊወርድ ይችላል ብሎ ነበር። የወረደው ግን 5 በመቶ ገደማ ነው። በ2021 ያንን አካክሶ አለፈ። ሰማይ ነክቶ የነበረው የኮንቴይነር ማጓጓዣ ዋጋም በ2023 ወደ ድሮው ወረደ። ታዲያ ጠባሳው የቱ ጋ ነው?

ሄለን፦ ዳዊትዬ፣ አንተ የምታየው ድምሩን ነው። ድምሩ ሲሞላ የጎደለው ዕቃ አይታይም። የመኪና ፋብሪካዎችን አስታውስ። በ2020 ገበያው ቀዘቀዘ ብለው የቺፕ (መኪናና ኮምፒውተር ውስጥ የሚገባው ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ክፍል) ትዕዛዛቸውን ሰረዙ። ቺፕ አምራቾቹ ተራውን ለላፕቶፕና ለመሳሰለው ሰጡት። መኪና ፈላጊ ሲመለስ እነሱ ወረፋው ላይ የሉም። በ2021 ፎርድ ቺፕ የጎደላቸውን ፒክአፖች ሜዳ ላይ ደርድሮ ሲጠብቅ ነበር። ይህን ያየ አስመጪ "ሲያስፈልገኝ አዛለሁ" ብሎ አይቀመጥም። መጋዘን ይሞላል፣ ሁለተኛ አቅራቢ ይይዛል። ወጪው ደግሞ ዕቃው ላይ ይጨመራል። እኔ ጠባሳ የምለው ይህንን ነው።

ዮናስ፦ እኔን የሚያንገበግበኝ የመድኃኒቱ ነው። መጋቢት 2020 ሕንድ ፓራሲታሞልን ጨምሮ 26 የመድኃኒት ግብዓቶችና መድኃኒቶች ወደ ውጭ እንዳይወጡ ገደበች። ግብዓቱን ራሷም በብዛት የምታስገባው ከቻይና ነበር። በ2021 ደግሞ የኮቪድ ክትባቱን ወደ ውጭ እንዳይላክ ያዘችው፤ ክትባት ለአገሮች በሚያከፋፍለው ዓለም አቀፍ ፕሮግራም በኮቫክስ በኩል ተራ የሚጠብቁ አገሮች ባዶ እጃቸውን ቀሩ። ገንዘብ ይዘህ የሚሸጥልህ ስታጣ ምን ትላለህ? መድኃኒት አገር ውስጥ ይመረት!

ዳዊት፦ ዮኒ፣ እዚህ ላይ አልከራከርህም፣ ያማል። ግን አገር ውስጥ ማምረትም ብቻውን አያድንም። አሜሪካ የሕፃናት ወተቷን አብዛኛውን ራሷ ነው የምታመርተው። በ2022 አንድ ትልቅ ፋብሪካ ሲዘጋ መደርደሪያው ባዶ ሆነ። እናቶች ከሱቅ ሱቅ ተንከራተቱ። በመጨረሻ ወተቱ በወታደር አውሮፕላን ጭምር ከአውሮፓ ገባ። ያዳናት የውጭው ዕቃ ነው።

ሄለን፦ እሱ እኮ የኔን ነው የሚያጠናክረው። በአንድ ፋብሪካ ላይ መንጠልጠሉ ነው ጉዱ፤ አገር ውስጥም ሆነ ውጭ።

ዮናስ፦ ለወተትና ለመኪና ይሁንላችሁ። በክትባት ግን አልለቅም። ወረርሽኝ ሲመጣ ሁሉም አምራች በአንድ ቀን በሩን ይዘጋል። ያኔ ሁለተኛ አቅራቢህም ዝግ ነው።

ሰላም፦ ዳዊት፣ መልስ አለህ?

ዳዊት፦ ለክትባቱ የለኝም። እሱን ለዮናስ ለቅቄያለሁ።